አብራሪ ያደረጉህ ሰዎች

ደምሴ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላህ ነው። ቤቱ ደህና ነው። የዛገው የግቢ በር ተቀየረ፣ ፓፓያዋም ዘንድሮ አፈራች። ልጃችን ከሻሸመኔ እየተመላለሰች ታየኛለች። እኔም ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም።

ጉዱ ያለው ወንድምህ ዘንድ ነው። ከሞትክ ወዲህ ማዕረግ እየጨመረልህ ነው! ቀብርህ ላይ ቴክኒሺያን ነበርክ፤ አርባህ ላይ መቶ አለቃ ሆንክ። ሰሞኑን ደግሞ ለሙት ዓመትህ ሐውልት አሠርቶ፣ እኔን ሳያማክር «ጀግናው የጄት አብራሪ» ብሎ አስጻፈብህ። ከጽሑፉ በላይም ጄት አስቀርጿል። ጄት ተብዬው ክንፍ ያወጣ የዝዋይ ቆሮሶ ዓሣ ነው የሚመስለው።

አንተ እንኳን ልታበር፣ አንድ ቀን ተሳፍረህ አታውቅም። ሥራህ ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ግቢ፣ ለጄቶቹ ነዳጅ መሙላት ነበር። ማታ ስትገባ ልብስህ ላምባ ላምባ ይሸት ነበር፤ እኔም ያን ሽታ ለምጄ ወድጄው ነበር። ጡረታ ወጥተህ አዳማ ከገባን በኋላ ግን ጎረቤታችን የላምባ ምድጃዋን ስትለኩስ የጀመርከውን ምግብ ትተህ ትወጣለህ። ጄቶቹ ከደብረ ዘይት ተነሥተው በላያችን ሲያልፉማ፣ እስኪመለሱ ግቢው መሃል ቆመህ ትጠብቃለህ። ወጥ ቢቀዘቅዝ፣ እንግዳ ቢመጣ ግድ የለህም።

ሰፈርተኛው አውሮፕላን ወዳድ መሰልከው። የሰማይ ትራፊክ ብለው ስም አወጡልህ። ያ ወንድምህም በፋሲካ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ነካ አድርጎታልና ጸበል ውሰዱት ብሎ ሲስቅብህ ጠላ የቀዳሁለት እኔው ነኝ። ዛሬ ዓይኑን በጨው አጥቦ ስለ አብራሪው ወንድሙ ያወራል። በቁምህ ሲያፍርብህ ኖሮ፣ ስትሞት ኮራብህ!

ለሱ ያልነገርከውን እኔ አውቃለሁ። አንድ ጠዋት ለሻምበል ይልማ ጄት ነዳጅ ሞላህ፤ እሱም ትከሻህን መታ አድርጎህ ተነሥቶ በረረ፤ በዚያው ቀረ። ሲመሽ ግቡ ቢሏችሁ እንኳ አንተ ከመንደርደሪያው ዳር አልነቃነቅ አልክ። ነዳጁ ሙሉ እንደነበር አጣርተው ነግረውሃል፤ አንተ ግን አሳንሼበት ይሆን እንዴ እያልክ አረጀህ። የጄት ድምፅ በሰማህ ቁጥር የምትጠብቀው እሱን ነበር።

እንግዲህ አብራሪው እሱ ነው። የሱን ሥራ ያንተ መቃብር ላይ መለጠፍ ከሟች መስረቅ ነው። ብታየው በጥፍርህ ትፍቀው ነበር። ድንጋይ ጠራቢውን ራሴ ይዤ ሄጄ አስፋቅኩት፣ ቆሮሶውንም ጭምር። አሁን ከስምህ ሥር ያለው «የጄት ነዳጅ ሠራተኛ» የሚል ነው። ወንድምህ ዘራፍ አለ፤ ቤተሰቡን አዋረድሽ፣ ሙት ዓመቱ ላይም አልመጣም ብሏል። ይቅር፤ የሱ የዝክር ድርሻ ለሌላ ሰው ይሆናል።

እኔ አልረሳህም። የማስበውም ግቢ ቆሞ ሰው የሚጠብቀውን ባሌን ነው እንጂ የነሱን ጀግና አይደለም። ለፍትሐቱ የሻምበልንም ስም ካንተ ጋር ለቄሱ ሰጥቻለሁ፤ የክርስትና ስሙን ግን አላውቀውም። እዚያ አግኝተኸው ከሆነ ጠይቅልኝ። ነዳጁንም ጠይቀው፤ ሙሉ ነበር ይልሃል።

ባለቤትህ አልማዝ