ያላቋረጥሽው ሴሚስተር

ይድረስ አንድ ክፍል፣ አንድ ድስትና አንድ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ለተጋራሽኝ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? እናትሽስ? ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፤ የበረንዳውን ደረጃ ያለ ደጋፊ መውጣት ቻሉ? ውሻችሁስ አሁንም ፖስተኛ ሲያይ እንዳበደ ነው? ለወግ ያህል የጠየቅሁሽ እንዳይመስልሽ። መጠየቅ የሚገባኝ ሰው ባልሆንም በእውነት ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ደህና አይደለሁም። እንቅልፍ ከራቀኝ ሰነበተ።

በስልክ ከላክሁልሽ መልእክቶች አንዱንም አልመለስሽም። አልተቀየምኩም፤ እኔ ብሆንም አልመልስም ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ግን የሚፈረም ቅጽ አለ፤ የቀረንም አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ብትናደጂም፣ ብትረግሚኝም እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ያ ኦክቶበር ትዝ ይልሻል። አባትሽ ከከሰል ማዕድኑ ይዘውት የወጡት የሳንባ በሽታ ጠንቶባቸው፣ ከኦክስጅኑ መሣሪያ አንድ እርምጃ መራቅ አቅቷቸው ነበር። አንቺ የሴሚስተሩን ኮርሶች በሙሉ አቋርጠሽ፣ የማቋረጫውን ቅጽ፣ ዊዝድሮውን ሞልተሽ፣ ቤት ገብተሽ ልታስታምሚያቸው ፈለግሽ። የያዘሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ ለሕክምና ትምህርት ቤት ሳመለክት አራት "ደብልዩ" የሚል የማቋረጥ ምልክት ትራንስክሪፕቴ ላይ ተደርድሮ ሲያዩ ምን ይሉኛል አልሽ። አማካሪያችን ወይዘሮ ፕሩዊት የሚገኙት ሐሙስ ነበር፤ ሐሙስ ደግሞ አንቺ ላብራቶሪ ነበረሽ። "እኔ ከሄድኩ አልቅሼ ነው የምመለሰው፤ በናትሽ አንቺ ጠይቂልኝ" አልሽኝ። ሄድኩልሽ።

ስመለስ ወጥ ቤት ቆመሽ ድንች ትልጪ ነበር። "ሙሉ ሴሚስተር ካቋረጠች ሕክምናን ትርሳው ነው ያሉት" አልኩሽ። ቢላዋውን አስቀምጠሽ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመርሽ። ቆይተሽ "እሺ፤ አባዬም ቢሆን ትምህርትሽን እንዳትተዪ ነው የሚለኝ" አልሽና ድንችሽን መላጥ ቀጠልሽ።

ወይዘሮ ፕሩዊት እንዲያ አላሉም።

ያሉትን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። "ማቋረጥ ሁሉ አንድ አይደለም" አሉ። "በየሴሚስተሩ አንድ አንድ ኮርስ እያንጠባጠበ የሚጥለውን ሰው ይጠረጥሩታል፤ ሲከብደው የሚሸሽ ነው ይሉታል። አንድ ሴሚስተር ሙሉውን፣ ለታወቀ ምክንያት አቋርጣ፣ ተመልሳ ጥሩ ከሠራች ግን ሁለት መስመር ማብራሪያ ትጽፋለች፣ አለቀ። ደብልዩ ከነጥቧ ላይ ምንም አይቀንስም። ኤፍ ነው እስከ መቃብር የሚከተላት። ይልቅ ዛሬውኑ ትሙላና ወደ አባቷ ትሂድ።" ቅጹንም አውጥተው በእጄ ሰጡኝ። እኔም ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ያለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጨመርኩት።

ለምን ትዪኛለሽ። ክፉ ስለሆንኩ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ፈርቼ ነው። የመጀመሪያውን የኦርጋኒክ ፈተና አርባ አንድ ነበር ያገኘሁት። ማታ ማታ ቁጭ ብለሽ የምታስጠኚኝ አንቺ ነበርሽ። ካርቦን አምስት መስመር አድርጌ ስስልብሽ "አራት እጅ አለው እኮ፤ አምስተኛውን የምትቀጥዪለት ምን ሊሰርቅልሽ ነው?" እያልሽ ስታስቂኝ ነው ትምህርቱ የገባኝ። አንቺ ከሄድሽ እንደምወድቅ አውቄያለሁ። እናም የአንድ ሰው ሞት ጥቂት ሳምንት ይታገሠኛል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ብዬ ማሰቤን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የማቋረጫው ቀን አለፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ረቡዕ ዕለት ተደወለልሽ፤ የአራት ሰዓቱን መንገድ ሳታጋምሺው አባትሽ አረፉ። ከቀብር ተመልሰሽ ፈተና ላይ ስትቀመጪ በድን ነበርሽ። ሁለት ኤፍና አንድ ዲ። እኔ ባንቺ ማስታወሻ አጥንቼ ቢ አገኘሁ። የቀብሩ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ሞልቶ አልነበር? እናትሽ ፔፐሮኒ የሚሉት ቋሊማ የተሸጎጠበት ዳቦ ለመንገድ ቋጥረው ሰጡኝና "አንቺ ባትኖሪላት ልጄ ምን ይውጣት ነበር" አሉኝ። መኪና ውስጥ በላሁት።

በጃኑዋሪ ዕቃሽን ጭነሽ ስትሄጂ ደጋፊ አጣሁ። በዚያው ሴሚስተር ፊዚክስ ከበደኝና አቋረጥኩት። አዎ፣ እኔ ዊዝድሮው ሞላሁ፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝ። ባለፈው ኖቬምበር ለሕክምና ትምህርት ቤት ቃለ መጠይቅ ስቀርብ አንድ ሽበታም ዶክተር ያቺን ደብልዩ በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ አድርጎ ምንድን ናት አለኝ። ሳምንት ሙሉ ስለማመደው የከረምኩትን ማብራሪያ ገና ስጀምር ሳቀብኝ። "እኔም አንድ አለችኝ፤ ተዪውና ስለ ሌላ ነገር አውሪኝ" አለ። አንቺን ያስፈራራሁበት ጭራቅ ይኸው ነው። የመግቢያ ደብዳቤው በገና ሰሞን ደረሰኝ። እናቴ ጎረቤቱን ጠርታ ደገሰች፤ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

አንቺ አምና ኮርሶቹን ልድገማቸው ብለሽ እንደነበር የአክስትሽ ልጅ ነግራኛለች። ብትደግሚያቸውም ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት አሮጌውን ኤፍ ከአዲሱ ውጤት ጋር እንደሚደምረው ስታውቂ ተውሽው አለችኝ። አሁን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎች ታጥቢያለሽ፣ ትመግቢያለሽ አሉ። ሥራውን አልናቅሁም፤ ካንቺ እጅ የተሻለ እጅ እንደማያገኙም አውቃለሁ። መርጠሽው ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

አሁን ቅጹን አውጪው። ኮሌጁ የቅርብ ቤተሰብ ሞቶበት ለወደቀ ተማሪ ያለፈ ሴሚስተርን ወደ ኋላ ተመልሶ "እንደተቋረጠ" ይቆጥርለታል። ኤፉም ዲውም ይነሣና ሁሉም ደብልዩ ይሆናል፤ ወይዘሮ ፕሩዊት ያሉት ያ ንጹሕ አንድ ሴሚስተር ማለት ነው። አብረውት የገቡት ተማሪዎች ሳይመረቁ ግን ቅጹ መግባት አለበት። የኛ ምርቃት የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ነው። የሚያስፈልገው የአባትሽ የሞት የምስክር ወረቀት፣ ያንቺ ፊርማና በጊዜው ያላቋረጥሽበትን ምክንያት የሚያውቅ ምስክር ነው። ምስክርነቴን ሰኞ ዕለት ለሪጅስትራሩ በእጄ አስረክቤያለሁ። ወይዘሮ ፕሩዊት ጡረታ ወጥተዋል፤ ቤታቸው ሄጄ ያደረግሁትን ስነግራቸው እሳቸውም ፈረሙ። ቡና እንኳ ጠጪ አላሉኝም። ቅጂውንም ማወቅ ለሚገባቸው ሁሉ፣ ለተቀበለኝ የሕክምና ትምህርት ቤትም ልኬያለሁ።

እዚህ ላይ ላበቃ ነበር። ነገር ግን ምስክርነቱ ላይ ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ፤ እሱ የሪጅስትራር ሳይሆን ያንቺ ነው።

የማቋረጫው መጨረሻ ቀን ዓርብ ነበር፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ሰባት ሰዓት ላይ አንቺ ትምህርት ላይ ሳለሽ፣ ጠረጴዛው ላይ የተውሽው ስልክ ጮኸ። አባትሽ ነበሩ፤ አነሣሁት። ከአንድ ቃል ወደ ሌላው ለመድረስ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። "ትንሿ ልጄ የለችም?" አሉኝ። ፈተና ላይ ናት አልኳቸው፤ የዚያን ቀን ፈተና አልነበረሽም። "ልትመጣ አስባ ነበር እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። አይ፣ ትምህርቱ በዝቶባታል አልኩ። መሣሪያው ከጀርባቸው ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ "በይ እንደደወልኩ እንዳትነግሪያት፤ ልቧ ይከፈላል። ተምራ ትምጣ፤ እኔ የት እሄዳለሁ" አሉ።

የማቋረጫው ጊዜ እስኪያልፍ አራት ሰዓት ነበረኝ። ስትመጪ መጽሐፍ ላይ አቀረቀርኩ። ጥሪውንም ከስልክሽ ላይ ደምስሼው ነበር። አባትሽ ሳይደውሉልሽ የሞቱ ይመስልሽ እንደሆነ፣ አይደለም፤ ደውለዋል። ድምፅሽን ፈልገው ነበር።

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ በምን አፌ። ይህን ደብዳቤ ብትፈልጊ ቅደጂው፣ ብትፈልጊ ለእናትሽ አንብቢላቸው። ቅጹን ግን በእኔ ንዴት እንዳትቀጂው፤ እለምንሻለሁ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ። ለስድብም ቢሆን ልትጽፊልኝ ከወደድሽ አድራሻዬ ያው የድሮው ክፍላችን ነው። ድሮ የሠራሁበት ዳቦ ቤት መልሶ ቀጥሮኛል፤ ክረምቱንም፣ ከክረምቱ በኋላም እዚሁ ነኝ።

እግዚአብሔር የእናትሽን ጉልበት ያጽናልሽ። የአባትሽን ነፍስ ትንፋሽ በማያጥርበት ቦታ ያሳርፍልሽ። ነጭ ጋዋን ለብሰሽ አልጋቸው አጠገብ የምትቆሚላቸው በሽተኞች ስምሽን እየመረቁ የሚጠሩበትን ቀን ያምጣልሽ።

የቅጹ ዘጠነኛው ጥያቄ "ኮርሱን በጊዜው ያላቋረጡበት ምክንያት" ይላል። ሐዘን ብለሽ አትሙዪው። ድካም ብለሽም ራስሽን አትክሰሺ። እዚህ ሥር ስሜን አልፈርምም፤ እዚያ ላይ አንቺ ጻፊው።

እህቴ የምትዪኝ የነበርኩት