ሥዕሉ ላይ ያላየሁት ጥለት

ሰኞ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት

አስካለ ናት። ምን ጥያቄ አለው። ካዛንቺስ፣ ከአዲሶቹ የጣሊያን ቤቶች በአንዱ፣ የተኮስኩትን አንሶላ ላደርስ ገብቼ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ አየኋት። ሥዕል ነው፤ የዘይት ቀለሙ ገና ይሸታል። ድንክ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። ዐይኗ ተከድኗል፣ አንድ እጇ ጉንጯ ሥር ነው፣ ነጠላዋ ተንሸራቶ ትከሻዋ ተራቁቷል።

የቤቱ ጌታ ሹም ነው። አስካለ ጎረቤቴ ናት፣ ልጁን ታሳድግለታለች። ባሏን ተክሌን «ጅማ ንግድ ላይ ነው» ትላለች፤ ዱር መግባቱን ግን ሰፈሩ ያውቃል። ታዲያ የተኛች ሴት እንዲህ አስተካክሎ የሚሥል አብሯት ያደረ አይደል?

ማክሰኞ

አላስቻለኝም። ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ ለወርቄ ነገርኳት። ለእሷ ብቻ፣ በማርያም አስምዬ። እሷም ድሮውንም ሽታዋ አላማረኝም ነበር አለች። ሳቅን። ከአስካለ የሚሸተው የሹሙ ሚስት፣ የሲኞራዋ፣ ሳሙና መሆኑን አውቃለሁ።

ሐሙስ

ወሬው ቂርቆስ ደርሶ ተመለሰ፤ ሲመለስ አስካለ አርግዛለች ሆኗል። ጠዋት እማማ ድንቄ፣ የተክሌ እናት፣ መጥተው ልጇን ጽጌን ወሰዱባት። ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ ዱር እያደረ፣ አንቺ የጣሊያን አልጋ ላይ?» አሏት። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። አስካለ የልጅቱን ሹራብ አቀበለቻቸውና፣ «ጠዋት ጠዋት ይበርዳታል» አለች።

ሥዕሉን ደግሜ ማየት አለብኝ።

ዓርብ

አንሶላ ሰበብ አድርጌ ተመለስኩ። ሲኞራዋ ብሩሽ ይዛ ሥዕሉ ፊት ቆማለች፤ ጥፍሯ ሁሉ ቀለም። ሠዓሊዋ ለካ እሷ ናት። ባልየው ይሥላል ብሎ ማን ነገረኝ? ማንም። በተሰባበረ አማርኛዋ አስካለ ብዙ አልቅሳ እንቅልፍ ሲጥላት እንደሣለቻት አስረዳችኝ።

ያኔ ትከሻውን ትቼ ነጠላውን አየሁ። ጥለቱ ታች እግሯ ጋ አይደለም። ላይ ነው፣ አንገቷ ዙሪያ፤ ኀዘንተኛ እንደምትለብሰው። ሲኞራዋ ትርጉሙን አታውቅም፣ ያየችውን ነው የሣለችው። እኔ ግን! ስንት ለቅሶ ደርሼ።

ተክሌ ሞቷል። ሰፈር ውስጥ እንዲያ ብትለብስ «ማን ሞተብሽ? የት?» ይመጣል፣ ከዚያ እስር ቤት ነው። ስለዚህ ሥራ ቦታ ገብታ ነው ነጠላዋን የምትገለብጠው።

ቅዳሜ

አስካለ በር ላይ አቆመችኝ። ወሬው ከእኔ እንደወጣ ነገርኳት። ታውቃለች። ለእማማ ድንቄ እውነቱን ልንገራቸው አልኩ።

«እኔን ንጹሕ ለማድረግ የልጃቸውን ሞት ልታረጂያቸው? ልባቸው ደካማ ነው። ገናን በሰላም ይዋሉ ብዬ ነው የደበቅኩት።»

«ጽጌስ?»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። ማልቀሷን እንኳ ድምፅ ነፈገችው። የእኔ ምላስ ሥራ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ለወርቄና ለሴቶቹ ሁሉ ፈጥሬ ያወራሁት ነው አልኳቸው። ወሬውን ሰምተው ሳይጨርሱ ያመኑት ዛሬ ጠረጠሩኝ። ከዚያ እማማ ድንቄ ጋ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አስካለን የሣለቻት የሹሙ ሚስት ናት፣ ደክሟት ተኝታ አግኝታት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ።

ከእግራቸው ቀና አድርገውኝ ጠየቁኝ። «ሥዕሉ ላይ የነጠላዋ ጥለት ወዴት ነው?»

ይሄ ክፉ አፌ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ። ሲከፈትም ዋሸ። «ታች ነው እማማ። እግሯ ጋ።»

ትኩር ብለው አዩኝ። ተነሡ፣ ጽጌን ሹራቧን አለበሷት፣ «ለእናቷ አድርሺልኝ» አሉ።

አጥሩ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ነጠላቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ዘርግተው ይዘውታል። ሊገለብጡት ይሁን ሊያጥፉት፣ አላወቅኩም። የጽጌን እጅ ጨብጬ ሄድኩ።