ከሴናተሩ ጋር ምሳ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18፣ ኦክላንድ

ዛሬ ዝናብ ስለነበር ሙዚየሙን ሊያይ የመጣ ሰው የለም። ምሳዬን ከጥበቃ ወንበሬ ሳልነሳ ከፈትኩ። ፊት ለፊቴ አሁን ሙዚየም የሆነውን ይህን ቤት ያሠሩት ሽማግሌ ሥዕል ተሰቅሏል። በዘመናቸው ሴናተርም ነጋዴም ነበሩ፤ የዚህ ሰፈር መሬት ሁሉ የሳቸው ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ግን እዚሁ ክፍል ባለው ረጅም የምግብ ጠረጴዛ ብቻቸውን ይበሉ ነበር አሉ። ዓይን ለዓይን እየተያየን ብቻዬን መጉረሱ ነውር ሆነብኝ። «ይቅረቡ ጋሼ፣ እንብላ» አልኳቸው።

ማናጀሬ ድምፄን ሰምታ ብቅ አለች። «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ሶሪ፣ ስልክ ላይ ነኝ» አልኳት። አመነችኝና ሄደች።

ወደ ቤት ስመለስ ባስ ውስጥ ስልኬን አወጣሁት። ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።