ወለሉ ላይ የተዘረጋው ገመድ

ሰኔ 9 ቀን፣ ማክሰኞ። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ጨመረበት። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እናትህ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በበሩ በኩል።

ለእማማ ልጅ፣

እንደምን ከርመሃል? አዲሱ ቤትህስ? ተወለደልህ ሲባል የሰማነው ሕፃንስ? ክፉ አይንካቸው። በዚህ ወረርሽኝ አንተ ባለህበትም ሰው በሩን ዘግቶ እንደሚውል ሬዲዮው ነግሮናል። እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ "ደህና ነን" እያልኩ ጽፌልህ መልስ አልመጣም፤ ዛሬ እንኳ እውነቱን ልጻፍልህ።

እኔና እናትህ ሁለት የትልቅ ሰው እርምጃ ተራርቀን መኖር ከጀመርን አምስት ሳምንት ሆነን። ሬዲዮው በሽታው በአረጋውያንና ስኳር ባለባቸው ላይ እንደሚበረታ የተናገረ ዕለት፣ እማማ "እኔ ሁለቱንም ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ተጠራሁ" አሉ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የልብስ ማስጫውን ገመድ ከደጅ ፈትተው፣ ወለሉ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘርግተውት አገኘሁ። እንደምታውቀው የምሠራው እንግዳ ማረፊያው ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። የማላውቀው ሰው ያደረበትን አንሶላ ሳጥብና ስተኩስ እውላለሁ።

"አንሶላ ማለት የሰው ትንፋሽ የሚያድርበት ነው" አሉኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ድንበር ነው፣ ሙሽሪት።"

ሚስትህ ሆኜ እዚህ ቤት ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኝ ዛሬም ሙሽሪት ነው የሚሉኝ።

"ምግብዎንስ እንዴት ላቅርብ?"

"ገመዱ ጋ አስቀምጠሽ ወደ ኋላ ትያለሽ። እኔ አነሳለሁ።"

"መርፌዎንስ?"

"እጅ አለኝ።"

"ዓይንስ?"

"ፓስፖርት የለሽም አልኩሽ! ተመለሽ!"

ሳቅን። ያኔ መሳቃችን ነው ጥፋቱ።

መርፌውን አሥራ አንድ ዓመት የወጋኋቸው እኔ ነኝ። አንተ እዚህ እያለህም እኔ ነበርኩ፤ መርፌ ስታይ ራስህን ይዞርህ ነበር። መርፌው ላይ ባለው መስመር ጠዋት ሃያ፣ ማታ አሥር። ክንዳቸውን ስይዝ "ቀስ በይ፣ በሬ አይደለሁም" ይሉኛል፤ እኔም ቀስ እላለሁ። አሁን ሳስበው፣ ሰው የምነካው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። ገመዱ ከተዘረጋ ወዲህ የሰው አንሶላ እንጂ የሰው ገላ አልነካሁም።

ዛሬና ነገ ከሥራ ዕረፍት ነኝ። ዛሬ ጠዋት ከጤና ጣቢያው አንዲት ልጅ መጣች። አፍና አፍንጫዋ ተሸፍኖ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ስኳር ያለባቸው አረጋውያን ስለ በሽታው ምን ያህል እንደሚያውቁ እየዞረች ትመዘግባለች። እሷ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠየቀች፣ እማማ ከመስኮቱ ሥር ሆነው መለሱ።

"በምንድን ነው የሚተላለፈው፣ እማማ?"

"በትንፋሽ። በእጅ። ባለጌ ሲያስል።"

"ጨዋ ሲያስልስ?"

"ጨዋማ ክርኑ ውስጥ ነው የሚያስለው።"

ልጅቷ ከጭምብሏ ሥር ሳቀች። "ስኳር ያለበት ሰው ለምን ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት?"

"ስኳር አጥሩን ቀድሞ ያፈርሰዋላ። ሌባው ሲመጣ ምን በር መስበር ያሻዋል?"

"ኧረ እማማ፣ ይሄንን ምን ብዬ ልጻፈው?"

"እንዳልኩሽ ጻፊው።"

አሥራ ሁለት ጥያቄ ነበር፤ አሥራ ሁለቱንም መለሱ። "ከሰፈሩ አንደኛ ወጥተዋል" ስትላቸው እንደ ተማሪ ፊታቸው በራ። ልጅቷ ወረቀቷን አጥፋ ልትወጣ ስትል፣ እንደ ዘበት "መድኃኒትዎንስ በአግባቡ ይወስዳሉ አይደል?" አለች። ወረቀቱ ላይ ያለ ጥያቄ አልመሰለኝም።

"እንዴታ!" አሉ እማማ። እሷ እንደወጣች ወደ እኔ ዞረው "ሙሽሪት፣ እስቲ ውሃ ጨምሪልኝ" አሉ።

ከነጋ ሦስተኛው ጆግ ነበር።

ፊደል የለየሁት ሳሙና ከሚጠቀለልበት ወረቀት እንደሆነ ታስታውሳለህ፤ "የሳሙና ወረቀት" እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አሁንም ጽሑፍ ያለበት ነገር አልጥልም። ሁሉም ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ አለ። ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን ስስ ወረቀት ፈልጌ አወጣሁ። መድኃኒቱ ሲያንስ የሚታየውን ሲዘረዝር ብዙ የውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ድካም፣ የዓይን መደብዘዝ ይላል። አራቱንም ሳምንቱን ሙሉ እያየሁ፣ እርጅና ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ገመዱን ተሻገርኩ። "ተመለሽ ብያለሁ!" አሉ፤ አልተመለስኩም። የመድኃኒቱ ብልቃጥ እንዲቀዘቅዝ የሚቀመጠው በእሳቸው በኩል፣ ውሃ ባለበት ሸክላ ውስጥ ነው። አንድ ብልቃጥ አንድ ወር ነው የሚያደርሰው። በአምስተኛ ሳምንቱ ገና እኩሌታው ነበር።

"እማማ፣ ስንት መስመር ነው የሚወጉት?"

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

"እማማ።"

"አሥር። ማታ አምስት።"

"ለምን?"

"እንዲበረክት ነዋ!"

"ሲያልቅ ሄጄ አመጣ የለም እንዴ?"

"እሱን እኮ ነው የፈራሁት!" ድምፃቸው ተሰበረ። "እዚያ ወረፋ ላይ የሚቆመው የሚያስለው ሁሉ ነው። ሥራሽን ማስቀረት አልችልም፤ ወረፋውን ግን እችላለሁ። አንቺ ብትያዢ ማን አለኝ? አንዱን መንገድ በላብኝ። ሁለተኛ አልሰጥም።"

እኔ ለእሳቸው ስፈራ፣ እሳቸው ለእኔ ሲፈሩ ከርመዋል። ያን ሁሉ ጥያቄ የመለሱት ሴት ስለ በሽታው ባወቁ ቁጥር እየፈሩ፣ በፈሩ ቁጥር መድኃኒቱን ከገዛ ገላቸው ሲቀንሱ ኖረዋል። እግራቸውን ሳይ በግራው አውራ ጣት ጎን የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል አገኘሁ። ጭራሽ አልተሰማቸውም።

"ነገ እሄዳለሁ" አልኳቸው።

"ከሄድሽ አትመለሽ!"

ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀምጠዋል። ይህንን የምጽፍልህ ከጀርባቸው ሆኜ ነው።

ና አልልህም። ለእኔም ምንም አልጠይቅህም፤ የእኔ ነገር ድሮ ያለቀ ነው። አንድ መስመር ብቻ ጻፍላቸው፤ አነብላቸዋለሁ። "እማዬ፣ መድኃኒትሽን እንዳትቀንሺ" በላቸው። የልጅ ቃል ይሰማሉ። እኔ ምራት ነኝ፤ የምራት ቃል የሚደርሰው እስከ ገመዱ ነው።

የምትገባበትና የምትወጣበት ደጅ ሰላም ይሁን። ሕፃኑ የአያቱን ሳቅ ይውረስ፣ ስኳራቸውን ይተውላቸው።

የሳሙና ወረቀት

ረቡዕ። ደብዳቤውን ሳላሽገው ነጋ፤ ስለዚህ ይህንንም ልጨምርበት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና ታጠብኩ። ጭምብል አሰርኩ። ቁርሳቸውን ይዤ ገመዱን ተሻገርኩ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ሰጡኝ። ሃያ መስመር ሞልቼ ወጋኋቸው። ከጨረስኩ በኋላም ክንዳቸውን ቶሎ አልለቀቅሁም። "በሬ አይደለሁም" አሉ፣ ቀስ ብለው። የቆሰለውን የእግር ጣታቸውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩላቸው።

ጤና ጣቢያው ስደርስ አሥራ ዘጠነኛ ነበርኩ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ክርኑ ውስጥ አሳለ፤ ጨዋ ነው። ነርሷን ስለ ጣታቸው ነገርኳት፤ ከሰዓት በኋላ ቤት መጥታ እንደምታየው ቃል ገባችልኝ። መድኃኒት የሚሰጥበት መስኮት ጋ መዝጋቢው ቀና ሳይል "ለታካሚዋ ምናቸው ነሽ?" አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "የልጃቸው ሚስት" ስል ኖሬያለሁ።

"ልጃቸው" አልኩት። ጻፈው። ፈረምኩ።

ሁለት ብልቃጥ ይዤ ተመለስኩ። በሩ አልተቆለፈም። እጄን ታጠብኩ። ብልቃጦቹን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ገመዱን ከወለሉ ላይ ጠቅልዬ ወደ ደጅ አወጣሁትና በቦታው አሰርኩት። ዝናቡ አባርቶ ነበር። የእሳቸውን አንሶላና የእኔን አንሶላ አጥቤ፣ ጎን ለጎን አሰጣሁ።