ተከላካይ ተኝቶ አይታይም

ዱብሮቫ፣ ሳስካችዋን
ጃንዋሪ 11 ቀን 1998

ለልጄ ለኦረስት፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም። ብጠይቅህ «ደህና ነኝ እማ» ነው የምትለው፤ መንጋጋህ በሽቦ ታስሮ እንኳ ደህና ነኝ ብለህ በወረቀት ጽፈህልኛል። ስላንተ ጤና ሚስትህን ሎረይንን ጠይቄ ጨርሻለሁ።

ገናን ብቻዬን ዋልኩ። ስንዴውን ቀቀልኩ፣ የቫረኒኪውን ሊጥ ድንች ሞልቼ ሠራሁ፣ እንደ ደንቡም በሞት ለተለየ ሰው የሚቀመጠውን ሳህን አስቀመጥኩ። ዘንድሮ ሁለት አደረግሁት፤ አንዱ የአባትህ፣ አንዱ ያንተ። ጎረቤቴ ኦልጋ መጥታ «ፓራስካ፣ የሞተ ሰው የለ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ሳህኖቹን ግን አላነሣሁም።

አባትህ ከመጦሪያው ቤት ሆስፒታል ከገባ ሰንብቷል። ወድቆ ነው ብዬ በስልክ የነገርኩህ እውነት ነው፤ ሙሉውን ግን አልነገርኩህም። ኮሪደር ላይ አዳለጠው። ነርሷ «አቶ ድሚትሮ፣ እንዳይንቀሳቀሱ፣ ሰው ልጥራ» እያለችው ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። የተሰነጠቀው የዳሌ አጥንት ያን ጊዜ ነው ለሁለት የተሰበረው። በዚያ እግሩ ቆሞ ምን አላት መሰለህ? «ምንም አልሆንኩም፤ አሰልጣኙ አየኝ እንዴ?» ሐኪሙ ከእንግዲህ አይራመድም ብሎኛል። እኔን እንኳ ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ ይህችን የተጫዋችነት ዘመኑን ቃል ግን አልረሳትም።

አንተንም ያስተማረህ እሱ ነው። ጓሯችን ውስጥ ውሃ አፍስሶ ባቀዘቀዘልህ በረዶ ላይ ሆኪ ስትጫወት በወደቅህ ቁጥር «ተነሣ! ተከላካይ ተኝቶ አይታይም። የተኛ ሰው ቦታው በሌላ ይያዛል» ይልህ ነበር። አንተም ከንፈርህ ደምቶ እየሳቅህ ትነሣለህ።

በትልቁ ሊግ የተጫወትክባት ያቺ አንዲት ግጥሚያ ትዝ ትለኛለች። የመንደሩ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰብስቦ በቴሌቪዥን ያይህ ነበር። ጎል እንዳይገባ ተወርውረህ ተኛህና እንደ ኳስ የምትመቷትን ጥቁር ጎማ በጉንጭህ አቆምካት። በረዶው ቀላ። አንተ ግን ማንም ሳይደርስልህ ተነሥተህ በራስህ እግር ወጣህ። አባትህ ወንበር ላይ ቆሞ «አያችሁት? ተነሣ እኮ!» እያለ አዳራሹን አናወጠው፤ ጎል ብታገባ እንኳ እንዲያ አይጮህም ነበር። በማግስቱ ወደ ታችኛው ሊግ መለሱህ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜህ ለግጥሚያ ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ስትዞር አለቀ፤ ይኸው ዛሬ በረዶ በማይዘንብበት በሉዊዚያና ሰው ሠራሽ በረዶ ላይ ትወድቃለህ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ሎረይን ሁሉንም ነግራኛለች። ከልምምድ ስትመለስ ነዳጅ ማደያ ቆመህ «ቤታችን በየት በኩል ነው?» ብለህ ደውለህላታል። ብርሃን ዓይንህን እየወጋህ መጋረጃ ዘግተህ ትውላለህ። አንዱ ሐኪም አቁም ሲልህ ሌላው ዘንድ ሄደህ «ራሴን አያመኝም» ብለህ የመጫወቻ ፈቃድ አስጽፈሃል። ስቆጣህ ደግሞ «እማ፣ ጭንቅላትህ ባዶ ነው ትዪኝ አልነበር? ባዶ ነገር ምኑ ይጎዳል?» ብለህ አሳቅኸኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። አባትህም መርሳቱ ሲጀምረው እንዲሁ ይቀልድ ነበር። የከብቶቹ በረት የት እንደሆነ ጠይቆኝ አብረን ስቀናል። እሱ ያኔ ስልሳ ሊሞላው ነበር፤ አንተ ግን ገና ሠላሳ አራትህ ነው።

አፈር ስሆን ተው ብዬ ለመንኩህ። «ቅዳሜ ግጥሚያ እገባለሁ እማ። ከሆኪ ሌላ ምን አውቃለሁ?» አልከኝ። እርሻውን ለአባትህ ማስታመሚያ ሸጠነዋል፣ ና ብዬ የምሰጥህ ሥራ የለኝም። ይህ ደብዳቤ የሚደርስህም ከቅዳሜ በኋላ ነው።

የጠየቅኸኝን የአባትህን የሱፍ ካልሲ አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ተረከዙን ጠግኜዋለሁ። አልልክም ብዬ ደብቄው ነበር። ብደብቀውም በሌላ ካልሲ ትገባለህ፣ እግርህን ይበርድሃል እንጂ መጫወትህ አይቀርም።

ትናንት ለአባትህ ቀስ ብዬ «ኦረስት ሰላም ብሎሃል» አልኩት። ስምህን ሲሰማ ዓይኑን ገለጠና «ተነሣ?» አለኝ። «አዎ፣ ተነሥቷል» አልኩት። ደስ ብሎት ተኛ።

ሎረይንንና ትንሿን ልጅህን ሳምልኝ። የሰው እናት ልጇን አትውደቅ ብላ ትመርቃለች። ያንተ እንጀራ መውደቅ ነውና እኔ እንዲያ ብዬ አልመርቅህም። ብቻ እመቤታችን በወደቅህበት ሰው ታድርስልህ። እነሱ እስኪደርሱ ግን፣ ልጄ፣ አሰልጣኙም ይይህ፣ አገሩም ሁሉ ይይህ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ተኝተህ ጠብቃቸው።

እናትህ ፓራስካ