ከማተሚያ ቤት ያስመለስኩት ምዕራፍ

ውድ ወንድሜ ኤይቪን፣

ስልክ አላነሳ ስላልከኝ ነው የምጽፍልህ።

መጽሐፍን በራስ ማሳተም እንዲህ እንደሚያደናግር ማንም አልነገረኝም። ዕቅዴን ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር፤ በጥር አርትዖት፣ በየካቲት ሽፋንና የገጽ ቅንብር፣ በመጋቢት የሙከራ ቅጂ፣ በግንቦት ምረቃ። የሽፋኑን ቀለም ብቻ ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። የመለያ ቁጥር ለማውጣት ቅጹን ስሞላ «የመጽሐፉ ዘርፍ» የሚለው ጋ ደርሼ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ትዝታ ነው? ልብ ወለድ ነው? በመጨረሻ «ትዝታ» ብዬ ላክሁት።

የሙከራ ቅጂውን የሰጠሁህ የፊደል ስሕተት እንድትለቅምልኝ ነበር። እውነትም አንዲት ነጥብ አላመለጠችህም። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ግን፣ እናታችን ሻንጣዋን ይዛ ወደ ክሪስቲያንሱንድ ከተማ የሚሄደው መርከብ ላይ የወጣችበት ጋ፣ በእርሳስ ይህን ብቻ ጽፈሃል፦ «እንዲህ አልነበረም።»

ወደቡ ድረስ መጥቼ ስጠይቅህ መረብህን እየጠገንክ ቀና እንኳ አላልክም።

«ታዲያ እንዴት ነበር?»

«አንቺ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ።»

«በመስኮት አይቻታለሁ እኮ! ዞራም አላየችኝም።»

«ያየሽው መጨረሻውን ነው። እናታችን ውጭ ቆማ ሁለት ቀን ሙሉ በሩን ስታንኳኳ አንቺ አክስት ቦርግሂል ጋ ነበርሽ። አባባ ነው አትክፈት ያለኝ። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ዝም ብለሽ ጻፍሽ እንጂ።»

ከዚያ ወዲያ ድምፅህን አልሰማሁም። የማተሚያ ቤቷ ጉንቮር ደግሞ ትደውላለች። «ሐሙስ ማሽን ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ብታለቅሺም የለሁበትም፤ ቁርጡን ንገሪኝ!» የኔን እንዳለ ብተወው እናታችንን ማማት ነው። ያንተን ብጽፈው አንተን አደባባይ ማውጣት ነው። ምዕራፉን ባወጣው ገጹ ይቀንሳል፣ መጽሐፉ ይቀጥናል፣ በልኩ የተሠራው ሽፋንም እንደገና መሠራት አለበት። ስለ እናቴ እያሰብኩ ስለ ሽፋን መጨነቄ ራሴን አስጠላኝ።

«አቁሚው» አልኳት ጉንቮርን።

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

የምረቃው ጥሪ ግን ተበትኖ ኖሮ ሰው መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ ያለ መጽሐፍ ቆሜ፣ ከወረቀት ላይ ስለ አባባ ጀልባ አነበብኩላቸው። ጎረቤታችን ኦድቫር እጁን አወጣና «እናታችሁስ ምን ሆነች?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

አፈርኩ ወይስ ቀለለኝ፣ እስካሁን አልለየሁትም።

ኤይቪን፣ የተቀየምኩህ እንዳይመስልህ፤ አንተም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርክ። አባባንም ልጥላው ወይስ ልዘንለት ግራ ገብቶኛል። መጽሐፉ ይታተም አይታተም እንጃ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ለመጽሐፍ አይደለም፣ አልጽፈውም፣ ቃሌ ነው። እናታችን በሩን ስታንኳኳ የኔንም ስም ጠርታ ነበር?

እህትህ ሶልፍሪድ