የቀስዬ ምትክ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? መልሱን እንደሚሰማ ሰው እጠይቅሻለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ለደብዳቤ ሌላ አጀማመር አላውቅም። እኔ ከጉልበቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ልጅሽ ኑሀ ደህና ናት። ወገቤን አልፋለች፤ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ ወልቀው የነበሩት የፊት ጥርሶቿም በቅለዋል። ቆቦ እንዳለች ናት፤ አቧራውም ባጃጁም አልቀረልንም። እኔም ገበያ ሽንኩርቴን እሸጣለሁ።

ከሪያድ የምትደውዪበት ስልክሽ ዝም ካለ አሥራ አራት ወር ሆነው። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ እስስት ነው። አትሳቂብኝ።

መስከረም ላይ ኑሀ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከቁልቋሉ አጥር ያገኘቻትን እስስት በእንጨት ይዛ መጣች። እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ጮህኩ። ይሄ ነገር ቤት አይገባም፣ ጣይው አልኳት። ልጅሽ ግን ቁርጥ አንቺን ናት፤ አትመልስም፣ አትከራከርም፣ ያሰበችውን ታደርጋለች። አፉ የተቀደደ ጀሪካን ውስጥ አሸዋ ሞላች፣ የግራር ቅርንጫፍ ተከለችበትና መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻት። አረማመዷን አይታ ቀስዬ አለቻት።

ወይ ጉዴ፣ እኔው የጠላኋት አሽከሯ ሆኜ አረፍኩት። ዝንብ እንዲሰበስብላት ከገበያ የበሰበሰ ቲማቲም ይዤ እገባ ጀመር። ፌንጣ በፌስታል። ውሃ በስኒ ብናቀርብላት ሳትነካው ዓይኗ ጎድጉዶ ልትሞት ደረሰች። አንድ ቀን ኑሀ እጇን ታጥባ ስታራግፍ ቅጠሉ ላይ ጠብ ያለውን ቀስዬ ላሰችው። ለካ የምትጠጣው ጠብታ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ልጅሽ ጠዋት ጠዋት ጣቷን ውሃ እየነከረች በየቅጠሉ ታንጠባጥብላት ነበር። ይህን ትዕግሥት ከየት እንዳመጣችው እንጃ፤ ከእኔ እንኳ አይደለም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ኅዳር ላይ ወባው በረታና፣ ኑሀ ትምህርት ቤት ሳለች በርና መስኮቱን ዘግቼ ቤቱን በፍሊት ረጨሁት። ቀስዬ ከነመፈጠሯም ትዝ አላለችኝ። ተመልሼ ስከፍት አሸዋው ላይ ወድቃ፣ ከሰል መስላ አገኘኋት።

ምን ያደረግኩ ይመስልሻል? ቁልቋሉ ሥር ቀበርኳትና ኑሀ ሳትመለስ ማሽላ ለማሽላ ዞሬ ሌላ አመጣሁ። መልኩን ሲቀያይር የሚውል ፍጥረት ራሱ ቢቀየር ማን ያውቃል ብዬ። አእምሮዬ ይቺው ናት።

ኑሀ መጥታ ጣቷን ዘረጋችላት። እስስቷ አፏን ከፍታ ሸሸቻት።

«አክስቴ፣ ይቺ ቀስዬ አይደለችም። ቀስዬ ጣቴን ታውቀዋለች» አለችኝ።

ወላሂ እሷ ናት አልኳት። ለእስስት ብዬ በጌታዬ ስም በሐሰት ማልኩ። ቀና ብላ አየችኝ፣ እሺ አለች፣ ዝንብ ልትይዝላት ሄደች።

ይህን የምዘበዝብልሽ ሌላም የተካሁት ነገር ስላለ ነው። አንቺ የጠፋሽ ጊዜ ኑሀ ስልኬን እንዳቀፈች ትውል ነበር። እህል አልበላም አለች። ጨነቀኝና ሮቢት ድረስ ሄጄ አብሮ አደግሽን መቅደስን ለመንኳት፤ ልጅ ሳላችሁ ድምፃችሁ ስለሚመሳሰል አባባን ታሞኙበት የለ። መጀመሪያ እምቢ ብላ አለቀሰች፣ ኋላ እሺ አለች። እስከ ዛሬ በየጁምዓው ትደውላለች። «የኔ ዓለም፣ እማዬ ነኝ» ትላታለች። ቁጥሩን እንዳታይብኝ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ልጅቷ በላች፣ ሳቀች። እኔም ወንጀሌን ለመድኩት።

እስስቷን በተካሁ በመጀመሪያው ጁምዓ ግን መቅደስ ተሳሳተች። ቶሎ ልዝጋ የኔ ዓለም፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ባትሪዬ አለቀ አለቻት። እኛም ቤት መብራት ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም። ኑሀ አምፖሉን ቀና ብላ አየችው። እሺ እማዬ፣ ሲመጣ ደውዪ ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ቅጠሉ ላይ ውሃ ስታንጠባጥብ አገኘኋት። አላስችል አለኝና፣ ቀስዬ ካልሆነች ለምን ትደክሚላታለሽ አልኳት።

«ይቺም እኮ ይጠማታል» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ። እህቴ፣ ደክሞኛል። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

መቅደስ ቪዛዋ ወጥቶላት ማክሰኞ ወደ ሪያድ ትሄዳለች። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ እሷ ናት፤ ነገ ሮቢት ድረስ እወስድላታለሁ። ድሮ የላክሽልኝን የአሠሪዎችሽን በር ፎቶ ስልኳ ላይ አድርጌላታለሁ። በሩን አንቺ ከከፈትሽው ታነቢዋለሽ። ሌላ ሰው ከከፈተው፣ ደብዳቤው እንደታሸገ እንዲመለስልኝ አደራ ብያታለሁ። ባለፈው ሰኔ አንዲት የጎብዬ ልጅ ከዚያ ስትመለስ ሻንጣሽን አምጥታልኝ ነበር። የሆነ ነገር ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት ሻይ ላፍላልሽ ብዬ ተነሳሁ። ስመለስም ሌላ ወሬ አነሳሁባት። ሻንጣው አልጋዬ ሥር ነው፤ አልከፈትኩትም።

ዛሬ መቅደስ ልትሰናበተኝ መጣች። ኑሀ በዓይኗ አይታት አታውቅም። እፊቷ ትንፍሽ እንዳትይ ብዬ አስጠንቅቄያት ነበር፤ እሷም እንዳልኳት ልጅቷን ዝም ብላ አቅፋ ሳመቻት። ልትወጣ ስትል ግን ረስታው «በቃ፣ ሪያድ ስደርስ እደውላለሁ» አለችኝ። ኑሀ ቀሚሷን ያዘቻት።

«እዚያ ስትደርሺ እማዬን ፈልጊልኝ። ካጣሻት ግን አንቺ ደውዪልኝ። እንደ ድሮው፣ ጁምዓ ጁምዓ።»

መቅደስ አየችኝ። 

«እሺ፣ የኔ ዓለም» አለቻት።

አላህ ባለሽበት ይዘንልሽ። አንቺን እንደ ልጄ አሳድጌሻለሁ፣ ልጅሽንም ያቅሜን ይዣለሁ፣ ግን ዋሽቻታለሁ። ካለሽ አፉ በይኝ። ከሌለሽም አፉ በይኝ።

ታላቅ እህትሽ፣
ከቆቦ